ለፖስታ ካርድ የዘመተው ፋሽስት፦ አኪሌ ስታራቼ በጎንደርና በጣና ዳር

የድሮ ጦር ነክ ፖስታ ካርዶችን የሚሰበስብ ሰው አንድ ካርድ እጁ ሲገባ ከሥዕሉ አስቀድሞ የሚያየው ጀርባውን ነው። በጀርባው ላይ የወታደራዊ ፖስታ ቤቱ ማኅተምና ቁጥር፣ የሳንሱር ምልክት፣ ቀኑ እና የጻፊው የእጅ ጽሑፍ ይገኛል። ፋሽስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ወታደሮቹ ወደ እናቶቻቸው፣ ወደ እጮኞቻቸውና ወደ ጓደኞቻቸው የላኳቸው እንዲህ ያሉ ካርዶች ቁጥራቸው እጅግ ብዙ ነበር። ዛሬም በጣሊያን ከተሞች የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች፣ በጨረታ ቤቶችና በበይነ መረብ ሽያጭ ላይ ይገኛሉ። በፊታቸው ላይ የክፍለ ጦር ዓርማ፣ ባንዲራ የሚሰቅል ወታደር፣ ድልድይ የሚዘረጋ መሐንዲስ ወይም ደረቱን የነፋ የጦር አለቃ ይታያል።

ደረታቸውን ነፍተው ከተነሡት አለቆች መካከል ስሙ ከጎንደርና ከጣና ሐይቅ ጋር የተያያዘው አኪሌ ስታራቼ ነው። ስታራቼ የጣሊያን ፋሽስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ነበር። የፓርቲውን ቢሮ ለጥቂት ወራት ትቶ በመኪና የተጫነ ጦር እየመራ ወደ ጎንደር የገባው፣ ከዚያም በጣና ዳርቻ ባንዲራ ያስተከለው እርሱ ነው። የፋሽስት አገዛዝ ሹማምንት ምስል በፖስታ ካርድ እየታተመ በሚሸጥበት በዚያ ዘመን የእርሱም ምስል ታትሟል። ካርዶቹን በእጁ ይዞ ለሚመረምር ኢትዮጵያዊ የዚህ ሰው የሕይወት ታሪክ ከሥዕሉ የተቀነሰውን ይነግራል።

ስታራቼ በ1881 ዓ.ም. በደቡብ ጣሊያን፣ የአገሪቱ ካርታ የጫማ ተረከዝ በሚመስልበት ጫፍ፣ በጋሊፖሊ አቅራቢያ ባለችው ሳኒኮላ ተወለደ። አባቱ በወይን ጠጅና በዘይት ንግድ የሚተዳደር ሰው ነበር። ልጁ በሌቼ ከተማ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ተከታትሎ ዲፕሎማ ቢያገኝም መዝገብ ማገላበጡ አልሳበውም። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ ሠራዊቱ ገባና የቤርሳሊዬሪ መኮንን ሆነ። ቤርሳሊዬሪ በባርኔጣቸው ላይ ጥቁር የወፍ ላባ የሚሰኩ፣ በሰልፍ ጊዜም እንደ ሌላው እግረኛ ከመራመድ ይልቅ በመለከት ታጅበው የሚሮጡ የጣሊያን ጦር ክፍል ናቸው። ላባውም ሩጫውም ለእርሱ ጠባይ የተሠሩ ይመስሉ ነበር። ሩጫው እስከ መጨረሻዋ ዕለት አብሮት ኖሯል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት በኦስትሪያ ግንባር ተዋግቶ የብርና የነሐስ ሜዳዮችን ተሸለመ። ፈሪ ነበር ብሎ የጻፈ ሰው የለም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በሰሜን ጣሊያን በትሬንቶ ቆይቶ የቤኒቶ ሙሶሊኒን ንቅናቄ ተቀላቀለ። በዚያ አካባቢ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾችን እያደራጀ፣ የተቃዋሚዎችን ማኅበራት በዱላ እየበተነ በፓርቲው ውስጥ ወጣ። ፋሽስቶች በ1915 ዓ.ም. ወደ ሮም ተጉዘው ሥልጣን ሲይዙ ስታራቼ ከታወቁት አደራጆች አንዱ ነበር። ቀጥሎም የምክር ቤት አባል ሆነ፤ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ሙሶሊኒ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ አድርጎ ሾመው።

ከዚህ ሹመት በኋላ ጣሊያን የሰልፍ አገር ሆነች። የፓርቲው ጸሐፊ ሰላምታውን፣ ልብሱን፣ የጫማውን ቁመት፣ የስብሰባውን አከፋፈት ሁሉ በመመሪያ ይወስን ጀመር። እጅ መጨባበጥ ለፋሽስት የማይገባ ነው ተብሎ በምትኩ ክንድን ወደ ፊት መዘርጋት ታዘዘ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለወታደራዊ ልምምድና ለስፖርት ተመደበ። ሕፃናት ሳይቀሩ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ የእንጨት ጠመንጃ ተሸክመው ተሰለፉ። ቦርጫቸው የገፋ የፓርቲ ሹማምንት በሕዝብ ፊት በእሳት ቀለበት ውስጥ እንዲሾልኩና በሳንጃ ላይ እንዲዘሉ ተገደዱ፤ ስታራቼ ራሱ አስቀድሞ እየዘለለ ያሳያቸው ነበር። የአገሪቱ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንትነትም በእጁ ነበር። ጣሊያናውያን በሹክሹክታ ይሳለቁበት እንደነበር፣ ሙሶሊኒም ሞኝነቱን እያወቀ ስለ ታዛዥነቱ ሲል እንዳቆየው በሰፊው ይነገራል።

ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ ማየት ያሳስታል። በስታራቼ እጅ አገዛዙ አንድ ሙያ ተምሮ ነበር፤ ሙያውም ሥራውን ከመሥራት ይልቅ ሲሠራ መታየትን ማሰናዳት ነበር። በኢትዮጵያ ላይ የተከፈተው ጦርነት ለዚህ ሙያ ትልቁ ገበያ ሆነ።

የጣሊያን ጦር መረብን ተሻግሮ ወረራውን የጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከጦሩ ጋር የፊልም አንሺዎች ቡድን፣ ጋዜጠኞችና ፎቶ አንሺዎች ተሰማርተው ነበር። ማተሚያ ቤቶችም ሥራ በዝቶባቸው ነበር። አውሬሊዮ ቤርቲሊያ የተባለው ሠዓሊ ጉንጫቸው የቀላ ሕፃናትን የወታደር ልብስ አልብሶ በአፍሪካ ምድር ሲዋጉ የሚያሳዩ ካርዶች ሣለ። ኤንሪኮ ዴ ሴታ የተባለው ወጣት የካርቱን ሠዓሊ ደግሞ ወታደሮች እየሳቁ እንዲልኳቸው ተብሎ የኢትዮጵያን ሕዝብ የሚያዋርዱ ተከታታይ ካርዶች አዘጋጀ። በአንደኛው ካርድ ላይ ጣሊያናዊው ወታደር በፖስታ ቤት መስኮት ፊት ቆሞ አንዲትን ጥቁር ሴት እንደ ዕቃ ጠቅልሎ ለጓደኛው መታሰቢያ ሊልክ ይጠይቃል። በሌላው ካርድ ላይ ወታደሩ በኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች ላይ የተባይ ማጥፊያ በመርጫ ይረጫል።

ይህን የመጨረሻውን ካርድ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጉታል። የሚፈለግበትም ምክንያት አለ። የጣሊያን አውሮፕላኖች ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ በተከዜ አካባቢ፣ ከዚያም በሌሎች ግንባሮች የሰናፍጭ ጋዝ ይጥሉ ነበር። የሮም መንግሥት ግን በዓለም ፊት ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። ክህደቱም ከጦርነቱ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ፤ የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር የመርዝ ጋዝ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። ታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ይህን እውነት በሰነድ ለማስመስከር ሠላሳ ዓመት ያህል ከአገሩ ሰዎች ጋር ሲሟገት ኖሯል። መንግሥት የካደውን ነገር ግን አንድ ርካሽ ካርድ በወረራው ዘመን አስቂኝ አድርጎ ሥሎት ነበር።

ስታራቼ ወደ አፍሪካ የመጣው ጦርነቱ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ነው። የዋናው ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ የንጉሡ ሠራዊት ሰው ነበር፤ የድሉም ክብር ለሠራዊቱ እንዳይጠቀለል የፋሽስት ፓርቲው የራሱ ጀግናና የራሱ ድል ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ለፓርቲው ጸሐፊ የኮሎኔልነት ማዕረግና ፈጣን ዓምድ የተባለ ልዩ ጦር ተሰጠው። የሦስተኛው ቤርሳሊዬሪ ክፍለ ጦር፣ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾችና መትረየሰኞች በመቶ በሚቆጠሩ የጭነት መኪኖች ተጫኑ። መጋቢት 6 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአሥመራ ተነሥቶ በምዕራብ ቆላ በኩል ወደ ኦምሐጀር ወረደ፤ ሰቲትን ተሻግሮም ወደ ጎንደር አቀና።

መንገዱ ቀላል አልነበረም። ወታደሮቹ ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ ገደል እየሞሉ፣ መኪኖቹን በገመድ እየጎተቱ ሄደዋል። ስታራቼ በኋላ ስለ ዘመቻው ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ድካም በሰፊው ተርኳል። ድካሙ እውነት ነው። ውጊያው ግን በመጽሐፉ ርዕስ ልክ አልነበረም። በሽሬ የተዋጋው የልዑል ራስ እምሩ ጦር በየካቲት መጨረሻ ከባድ ጉዳት ደርሶበት፣ በአውሮፕላን እየተደበደበና እየተበተነ ወደ ደቡብ ያፈገፍግ ነበር። የራስ ካሣና የራስ ሥዩም ሠራዊት በተምቤን ተሰብሯል። ንጉሠ ነገሥቱ የቀረውን ጦር ይዘው በማይጨው ነበሩ። በጎንደር ከተማ ፈጣኑን ዓምድ የሚገጥም ሠራዊት አልቀረም ነበር።

ማይጨው ላይ የመጨረሻው ትልቅ ውጊያ የተካሄደው መጋቢት 22 ቀን ነው። ስታራቼ ጎንደር የገባው በማግስቱ መጋቢት 23 ቀን ነው። በአንደኛው ቀን በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በማይጨው ሜዳ ወደቁ፤ በሁለተኛው ቀን የፋሽስት ፓርቲው ጸሐፊ በፋሲል ግንብ ጥላ ሥር ባንዲራ ሲሰቅል ፎቶ ተነሣ። የጣሊያን ጋዜጦች የመጨረሻውን 120 ኪሎ ሜትር በሦስት ቀን መገስገሱን እንደ ታላቅ ጀብዱ ጻፉለት። ማይጨው የባዶሊዮ ሆነ፣ ጎንደር የስታራቼ።

ሁለት ቀን ቆይቶ መጋቢት 25 ቀን ከጣና ሐይቅ ደረሰ። ጎርጎራ በዓፄ ሱስንዮስ ዘመን ቤተ መንግሥት የታነጸባት፣ የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን በሥዕሎቿ የምትታወቅባት የሰሜን ዳርቻ ናት። የቤርሳሊዬሪ ላባ በዚያ ውኃ ዳር መታየቱ ከሮም ይልቅ በሎንዶን ነበር የሚያሳስበው። ጣና የዓባይ ምንጭ ነው። እንግሊዝ ለግብፅና ለሱዳን ጥጥ እርሻዎች ስትል ከ1894ቱ የምኒልክ ውል ጀምሮ በሐይቁ ውኃ ላይ ዓይኗን ጥላ ኖራለች። የኢትዮጵያ መንግሥትም በበኩሉ ግድቡን እንግሊዝ እንዳትጠቀልለው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ልኮ ከጄ ጂ ኋይት ኩባንያ ጋር ተነጋግሮ ነበር፤ ኩባንያውም በሐይቁ መውጫ ላይ ጥናት አካሂዷል። አሁን ግን በዚህ ሁሉ ድርድር መካከል ከሰሜን በጭነት መኪና የመጣ የፋሽስት ፓርቲ ጸሐፊ በዳርቻው ቆሟል።

ስለዚህ በጣና ዳር የተነሡት ፎቶዎች ተቀባያቸው የወታደሩ እናት ብቻ አልነበረችም። ሙሶሊኒ በአንድ በኩል የእንግሊዝን ጥቅም እንደማይነካ በዲፕሎማቶቹ አፍ ይምላል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ባንዲራው በሐይቁ ላይ ሲውለበለብ ያሳያል። ሁለቱም መልእክት ተደማምጧል። በሚያዝያ 1930 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣሊያን በሮም በፈረሙት ስምምነት ውስጥ ስለ ጣና ውኃ የተለየ ማረጋገጫ ገብቶበታል። በስምምነቱ ውስጥ የሐይቁ ባለቤት የሆነው ሕዝብ ድምፅ አልነበረም።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የስታራቼ ሰዎች ባሕር ዳርንና ደብረ ታቦርን ያዙ። የዚያን ጊዜዋ ባሕር ዳር ከዛሬዋ ከተማ ጋር የምትመሳሰለው በሐይቁና በቤተ ክርስቲያኑ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ዙሪያ የተሰባሰቡ የሣር ክዳን ቤቶች፣ በቅጥሩ ውስጥ የኢየሱሳውያን ዘመን ትዝታ የሆነ የድንጋይ ፎቅ፣ ከዳርቻው የደንገል ታንኳዎች፣ ከታንኳዎቹ ማዶ ዘጌና ደሴቶቹ ይታያሉ። ታንኳው የወራሪዎቹን ካሜራ አብዝቶ ማርኳል። በወረራው ዘመን ካርዶችና አልበሞች ውስጥ የደንገል ታንኳ የያዘ ቀዛፊ፣ በሐይቁ ዳር የተኮለኮሉ ወታደሮች፣ በስተኋላ ደግሞ የተሠሩ ወደቦችና የሞተር ጀልባዎች በብዛት ይገኛሉ። ጣሊያኖች ባሕር ዳርን የወደብና የአስተዳደር ጣቢያ አድርገዋታልና።

ካርድ የሚሰበስብ ሰው በዚህ ቦታ ቆም ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። ታንኳ ቀዛፊው ማን ነበር? ፈቅዶ ነው ወይስ ታዝዞ የቆመው? በካርዱ ፊት ላይ የሚጻፈው የቦታ ስም ነው፤ አንዳንዴም ሰውየው እንደ ዛፍና እንደ ተራራ የአገሩ ዓይነት ተብሎ ብቻ ይገለጻል። የጣሊያኑ መኮንን ግን ማዕረጉና ስሙ ተሟልቶ ይታተማል። የካርዱ ዋጋ በገበያው ላይ የሚወጣው በማኅተሙ ብርቅነትና በወረቀቱ ጥራት ሲሆን፣ ስሙ ያልተጻፈው ሰው በዋጋው ውስጥ አይታሰብም።

ከሥዕሉ የወጡት ነገሮች ይህ ብቻ አይደሉም። ስታራቼ በዚያ ዘመቻ እስረኞችን የተኩስ ዒላማ እያደረገ እንደገደለ የታሪክ ጸሐፊዎች የዓይን ምስክሮችን ጠቅሰው ጽፈዋል። ወታደሮቹ ለእናቶቻቸው የጻፏቸው ካርዶች ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ትንኙ፣ ስለ ሐይቁ ውበትና ስለ ናፍቆት ያወራሉ፤ ሳንሱሩም ከዚያ በላይ የሚፈቅድ አልነበረም። የበጌምድር ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ወንድወሰን ካሣ በዚያው ዓመት ክረምት ካለፈ በኋላ በላስታ ሲዋጉ ቆይተው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተረሸኑ። ወንድሞቻቸው አበራና አስፋወሰን ካሣም በዚያው ወር በፍቼ ተገደሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ በጎንደርና በጎጃም ሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነው። በበጌምድር አሞራው ውብነህ ተሰማ፣ በጎጃም ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለውና በላይ ዘለቀ ጠላትን ምሽግ ውስጥ እንዲከተት አደረጉት። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም ሙሉ በሙሉ ሲነሣ ጣሊያን ከከተሞቹ ውጭ የሚያዝዘው ምድር ጥቂት ነበር። ስታራቼ በመኪና ያለፈባቸው መንገዶች ያለ አጃቢ ጦር የማይታለፉ ሆኑ። አርበኞቹ ግን ፎቶ አንሺ አልነበራቸውም። የእነርሱ ምስል በአብዛኛው የተነሣው ከድል በኋላ ነው፤ ብዙዎቹም ምስል ሳይተዉ አልፈዋል። የወረራው ዘመን የሥዕል ሚዛን እንዲህ ያዘነበለ በመሆኑ ካርዶቹን ብቻ የሰበሰበ ሰው ጦርነቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ያበቃ ሊመስለው ይችላል።

ስታራቼ ራሱ እንደዚያ አምኖ ነበር። ዘመቻውን ወደ ደብረ ማርቆስ ከቀጠለ በኋላ ወደ ሮም ተመልሶ በፓርቲ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ስለ ጎንደር ጉዞው የጻፈው መጽሐፍ በዚያው የፈረንጆች ዓመት በሚላኖ በሞንዳዶሪ ማተሚያ ቤት ታተመ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የሥልጣኑ ጣሪያ ናቸው። ወጣቶችን ሁሉ በአንድ የፋሽስት ድርጅት ሥር ጠቀለለ። ጣሊያናውያን በአክብሮት ሲነጋገሩ የሚጠቀሙበትን ተውላጠ ስም ሳይቀር ለማስቀየር ዘመቻ ከፈተ። በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በአይሁዳውያን ላይ የዘር ሕጎች ሲወጡ ፓርቲው በእርሱ መሪነት አስፈጻሚ ሆነ። በአፍሪካ በካርድ ላይ ሲሳቅበት የነበረው የዘር ንቀት አሁን በጣሊያን ቤት ውስጥ ሕግ ሆኖ ገባ።

የመውደቂያው ጊዜ ግን ሩቅ አልነበረም። በሕዝቡም በፓርቲ ጓደኞቹም ዘንድ የተጠላና የተናቀ በመሆኑ ሙሶሊኒ በጥቅምት 1932 ዓ.ም. ከጸሐፊነቱ አነሣው። ለጥቂት ጊዜ የጥቁር ሸሚዝ ሚሊሻ ኤታማዦር ሹም ሆኖ በአልባኒያ ግንባር ቆሰለ። በ1933 ዓ.ም. ግን ከዚያም ተሻረ። ለብዙ ዓመታት በየቀኑ መመሪያ ሲያወርድ የኖረው ሰው የሚያዝዘው ሰው አጣ።

በተሻረበት በ1933 ዓ.ም. ዳግማዊ የሆነው የኢትዮጵያ ነፃነት በጎጃም በኩል እየገባ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው በበላያ አድርገው ከአርበኞችና ከእንግሊዝ መኮንኖች ጋር በጎጃም አቋርጠው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ጣሊያን በኢትዮጵያ ምድር የመጨረሻ ምሽጓ ያደረገችው ስታራቼ ያለ ውጊያ የገባባትን ጎንደርን ነበር። ጄኔራል ናዚ በዚያ ከበባ ለወራት ተከላክሎ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ስታራቼ በሰባት ወር ያህል ጦርነት ውስጥ በአንድ ጠዋት የወሰዳት ከተማ ለመመለስ ከሁሉ የዘገየች ሆነች። በስተመጨረሻ ከጎንደር ወደ ጣሊያን የተላኩት ካርዶች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ብርቅ ናቸው፤ ከተከበበ ከተማ የሚወጣ ፖስታ ጥቂት ነበርና።

ሙሶሊኒ በ1935 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ከሥልጣን ሲወርድ ስታራቼ ታሰረ። ጀርመኖች ሰሜን ጣሊያንን ከያዙ በኋላም የሙሶሊኒ አዲሱ መንግሥት አላቀረበውም፤ እንዲያውም ተጠርጥሮ እንደገና ታሰረ። ከእስር ሲወጣ በሚላኖ በአንዲት ትንሽ ቤት፣ ያለ ገንዘብና ያለ ሹመት ይኖር ጀመር። በጦርነቱ ጊዜ ለድሆች በተከፈቱ የምግብ አዳራሾች ይመገብ ነበር። ለሙሶሊኒ ደጋግሞ ደብዳቤ ቢጽፍም መልስ አላገኘም። አንድ ነገር ግን አልተወም፤ በየማለዳው የስፖርት ልብስ ለብሶ በሚላኖ ጎዳናዎች ይሮጥ ነበር። የቤርሳሊዬሪ ወጣት ሳለ እንደሮጠው፣ የፓርቲ ሹማምንትን በግድ እንዳስሮጠው፣ በአምሳ አምስት ዓመቱም ሮጠ።

በሚያዝያ 1937 ዓ.ም. መጨረሻ የጣሊያን አርበኞች ሚላኖን ነፃ ሲያወጡ፣ ሌሎች የፋሽስት ሹማምንት ሲሸሹና ሲደበቁ፣ ስታራቼ ሩጫውን አላቋረጠም። በመንገድ ላይ እየሮጠ ሳለ አርበኞች ለዩትና ያዙት። በአጭር ችሎት የሞት ፍርድ ተፈረደበት። ሚያዝያ 21 ቀን በጭነት መኪና ጭነው ወደ ፒያሳሌ ሎሬቶ አደባባይ ወሰዱት፤ በዚያ የሙሶሊኒና የሌሎች ሹማምንት አስከሬን በአንድ የቤንዚን ማደያ ጣሪያ ላይ ቁልቁል ተሰቅሎ ነበር። ክንዱን ዘርግቶ ለአለቃው አስከሬን ያንኑ ያስተማረውን ሰላምታ ሰጠና ከጀርባው በጥይት ተመታ። እርሱንም ከሌሎቹ አጠገብ ሰቀሉት።

በዚያ አደባባይ ብዙ ካሜራዎች ነበሩ። የዕለቱ ፎቶዎች በፍጥነት ታትመው፣ ተባዝተው፣ በፖስታ ካርድ መጠን እየተቆረጡ በሚላኖ መንገዶች ላይ ተሸጡ። ዛሬ በአሮጌ ካርድ ነጋዴዎች ሳጥን ውስጥ የጎንደሩ ባንዲራ፣ የጣናው ታንኳና የፒያሳሌ ሎሬቶው ፎቶ አንዳንድ ጊዜ ጎን ለጎን ተደርድረው ይገኛሉ።